አኬልዳማን ማን ገዛው?

አኬልዳማ የደም መሬት ማለት ነው። መሬቱም የተገዛው በወንበዴ ገንዘብ አይደለም፤ ይሁዳ ንጹሑን ጌታ አሳልፎ በሰጠበት በ30 ብር ነው እንጂ። እንግዲህ ይህ ስም የሚመሰክረው በተከሰሰው ላይ ሳይሆን በከሳሾቹ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በኅዳር 2004 ዓ.ም. አኬልዳማ የተባለውን ፊልም ሲያሳይ ስሙን የመረጠው ሰው ቅኔ ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወርቁ ወደ ራሱ እንደሚመለስ ባላጣው ነበር።

በዚያን ጊዜ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋና የፖለቲካ ሰው አንዱዓለም አራጌ ታስረው ፍርድ ይጠባበቁ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር አዝዟል። ፊልሙ ግን ዳኞቹን ቀደማቸው። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. እስክንድር 18 ዓመት፣ አንዱዓለም ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሁለቱም ተፈቱ።

«ያላጠፋ ሰው አይከሰስም» የሚል በጎሬም በመቱም አይጠፋም። ጥፋት ያለበትስ ቢሆን? በዚያው ዘመን የታሰሩት ሁለት የስዊድን ጋዜጠኞች፣ ማርቲን ሺቢዬና ዮሃን ፐርሾን፣ ያለ ፈቃድ ድንበር ተሻግረው ከታጣቂዎች ጋር ወደ ኦጋዴን ገብተዋል፤ ራሳቸውም አምነዋል። ዳሩ ግን ድንበር መጣስ ሌላ፣ ሽብርን መርዳት ሌላ ነው። ለሁለቱም ተብሎ 11 ዓመት ተፈረደባቸው፤ 438 ቀን ታስረው በይቅርታ ወጡ፤ በ2011 ዓ.ም. በአገራቸው የወጣው ፊልምም በዚሁ ቍጥር ተሰየመ። እንከን አለበትና ያልሠራውንም ይሸከም ማለት ዶሮ የሰረቀውን ስለ ነፍስ ግድያ መስቀል ነው።

መንግሥት ሕዝቡን ከሽብር መጠበቅ ይገባዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሶስና በሁለቱ ረበናት ቃል ወደ ሞት ስትወሰድ ብላቴናው ዳንኤል ምን አደረገ? ምስክሮቹን ለያይቶ፣ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ ቃላቸውም ተለያየ። ተቈርጦ የተቀጠለ ሥዕል ግን በየትኛው ዛፍ ሥር ተብሎ አይጠየቅም።

የጎሬ ሰው ስለ አንዲት የቡና ማሳ ወሰን ሲካሰስ የባላጋራውን ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ሳያስጨንቅ አይለቅም፤ ሲሸነፍም ይግባኝ ብሎ መቱ ይወርዳል። ያው ሰው አኬልዳማ በታየበት ማታ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳያነሣ «አሸባሪዎች» ብሎ ተኛ።