ሰውነት ከራሱ ጋር ሲጣላ

ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ የሚሏት፣ ሊጥ ማቡካት የሚያቅታት ሴት በየሰፈራችን አለች። “ሰነፈች” ይሏታል፤ አንዳንዱም “እርግማን ነው” ይላል። ሕመሟ ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። ይህ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ የሚበዛ በሽታ ነው።

መከላከያችን እንዴት ወደ ራሳችን ይዞራል? ረዳት ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች ያዝዛሉ። እነርሱ ራሳቸው የሚሠለፉበትን ሥራ በአብዛኛው የሚወስነው ሳይቶካይን የተባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች የሚያደርሱላቸው መልእክት ነው። ኢንተርሉኪን 12 ሲደርሰው ሴሉ ቲኤች 1 ሆኖ በሴሎች ውስጥ የተደበቀ ጀርምን ያስመታል፤ ኢንተርሉኪን 4 ሲደርሰው ቲኤች 2 ሆኖ የሆድ ትልን ያስወጋል። ቲጂኤፍ ቤታ የተባለው ደግሞ ኢንተርሉኪን 6 በሌለበት ሴሉን ሰላም አስከባሪ ያደርገዋል፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ግን ብግነት የሚያቀጣጥል ቲኤች 17 ይወጣል። በሩማቶይድ አርትራይተስ ይህ ሚዛን ይዛባል። በ2025 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ስለ ሰላም አስከባሪዎቹ ሴሎች ለተገኘው ዕውቀት ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከቤቴል ብዙም በማይርቀው አለርት ሆስፒታል አጠገብ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ሥራውን የጀመረው በሥጋ ደዌ ላይ ነው። በሥጋ ደዌ ያው ባክቴሪያ በተለያዩ ታማሚዎች ላይ የተለያየ መልክ ይይዛል። የቲኤች 1 መልእክት በሚበረታበት ታማሚ የሚታየው ጥቂት የቆዳ ምልክት ነው፤ በሚደክምበት ግን ባክቴሪያው በብዙ የሰውነት ክፍል ይሰራጫል። መከላከያው ድንገት ሲያይል ደግሞ ነርቭን ይጎዳል፤ ሐኪሞችም ለማብረድ ፕሬድኒሶሎን ያዝዛሉ።

ይኸው መድኃኒት በመገጣጠሚያ ብግነትም ይታዘዛል፤ የኢንተርሉኪን 6ን መልእክት የሚዘጋ ቶሲሊዙማብ የተባለ መድኃኒትም አለ። ፕሬድኒሶሎን ለብዙ ሳምንታት የወሰደ ሰው “ተሽሎኛል” ብሎ ወይም “ተጸልዮልኛል” ብሎ በአንድ ቀን ማቋረጥ የለበትም። ሰውነቱ የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማመንጨት ቀንሶ ስለሚቆይ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ምክር፣ ቀስ በቀስ ነው። ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም።

ባሎች ሆይ፣ የሚስታችሁ የጠዋት ሕመም ሳምንታት ካስቆጠረ ወደ ሐኪም ውሰዷት። መገጣጠሚያ አንዴ ከተበላሸ አይመለስምና ቀድሞ መታከም ይበጃል። እስኪሻላትም ድረስ ሊጡን እናንተ አቡኩ።