ፕላኔትስን ጨርሼ ለምን ቅር አለኝ?

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት፣ የሲያትል ዝናብ እንደ ልማዱ ሲያንጠባጥብ፣ «ፕላኔትስ» የተባለውን የጃፓን አኒሜ 26ኛ ክፍል ጨረስኩ። ደስ አለኝ፤ ቅርም አለኝ። ልታዩት ያሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙ፤ መጨረሻውን እናገራለሁ።

ተከታታዩ ከማኮቶ ዩኪሙራ ማንጋ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 የታየ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ2075 ነው። ባለታሪኮቹ የጦር ጀግኖች አይደሉም፤ ከምድር በላይ የሚዞረውን የሳተላይትና የሮኬት ስብርባሪ የሚለቅሙ ሠራተኞች ናቸው። በሴኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትበር አንዲት ብሎን መንኮራኩር ትበሳለች። ሥራቸው ነፍስ ያድናል፤ መሥሪያ ቤታቸው ግን ይንቃቸዋል። ሌሊት ተነስተው የአዲስ አበባን መንገድ የሚጠርጉ እናቶችን አስታወሱኝ።

ቅሬታዬ በክሌር ታሪክ ነው። ክሌር ኤል ታኒካ ከተባለች ምናባዊ ድሃ አገር በልጅነቷ አሜሪካ የገባች ናት። ለፍታ ደህና ቦታ ደረሰች፤ በኋላ ግን ዝቅ ተደረገች። በመጨረሻም ጠፈርን ሀብታም አገሮች ብቻ ያዙት ብሎ መሣሪያ ካነሳ ቡድን ጋር ተቀላቀለች። ዋናው ባለታሪክ ወደ ጁፒተር ሲሄድ፣ እሷ ወደ እስር ቤት። በቃ፣ ለስደተኛ የቀረለት ይኸው ነው?

በ11ኛው ክፍል ግን ሌላ መንገድ ታይቶ ነበር። ቴማራ የሚባል የኤል ታኒካ ሰው አገሩ የተሠራ የጠፈር ልብስ ይዞ ይመጣል። ምጽዋት አልጠየቀም፤ «ፈትኑልኝ» ነው ያለው። ልብሱ ፈተናውን ያልፋል። አገሩ ግን በጦር ትወረራለች፣ እሱም ይታሰራል። ተከታታዩ ቴማራን እዚያው ትቶት ሄደ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኛም እንተወዋለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ፣ እዚህ ቡና ላይ ተቀምጠን «መጀመሪያ ዳቦ!» እያልን ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። አብዛኛውን ወጪ ቻይና መሸፈኗንም ለመሳለቂያ ተጠቀምንበት። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ እርሻንና የአየር ጠባይን ለመከታተል የተላከች ሳተላይት ነበረች። በሥራዋ የኢትዮጵያ መሐንዲሶች መሳተፋቸውን፣ መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ላይ መሆኑን ለማወቅ ግን አልደከምኩም። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ሬድመንድ ውስጥ ሳተላይት ሲመረት ማናችንም ስለ ዳቦ አናነሳም። ቤት አጥተው በድንኳን የሚያድሩ ሰዎች ግን እዚሁ ሲያትል አሉ።

ዳቦ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የአገር ቤት ሙከራ ሲሆን ብቻ ለምን እንደምንስቅ ነው የምጠይቀው። ነገ አንድ ወጣት ከባሕር ዳር ወይም ከጅማ የሠራውን ሶፍትዌር ቢልክልን፣ እንደ ሥራ ባልደረባችን ሥራ ቁጭ ብለን እንፈትንለታለን? ጉድለቱን እንነግረዋለን? ወይስ «በርታ ወንድሜ» ብለን እናልፋለን?

ፕላኔትስን እዩት። ስታበቁ ግን ቴማራን አትርሱት።