ስለ ጅቡቲ ፍራንክና ብርን በዶላር ስለማሰር የተሰጠ የአቋም መግለጫ

በጅቡቲ መስመር የምንሠራ አስመጪዎች፣ ላኪዎችና ትራንዚተሮች የተሰባሰብንበት ማኅበር «ብርም እንደ ፍራንክ በዶላር ይታሰር» የሚለው ሐሳብ በአባላቱ ዘንድ ጭምር ደጋግሞ በመነሣቱ ይህን አቋም አውጥቷል።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ብር ይዞ የጋላፊን ድንበር የሚሻገር ሹፌር ለዚያው ምሳና ለዚያው ውኃ የሚቆጥረው በዝቶበታል። ፍራንኩ ግን እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ዶላር 177.721 ከተባለ ወዲያ ንቅንቅ አላለም፤ ጅቡቲ ነፃ የወጣችው እንኳ ከዚያ አራት ዓመት ቆይታ ነው።

ጽናቱ የመጣው ከክልከላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በተተከለው የገንዘብ ቦርድ ሥርዓት ለሚወጣው ፍራንክ ሁሉ መያዣ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ይቀመጣል፤ መንግሥት ቸገረኝ ብሎ ገንዘብ አያሳትምም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጅቡቲ የእርስ በርስ ጦርነት ምንዛሬው ሳይነካ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ የተወዘፈው ለዚህ ነው። ፍራንኩን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ሲያነሡ አንሰማም።

ጅቡቲ ሥርዓቱን የተሸከመችው ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም ስለማይበልጥ፣ የወደብ ክፍያና የጦር ሰፈር ኪራይም በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባላት ነው። ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ የበዛበት፣ የቡና ዋጋ ሲወርድ የዶላር ምንጩ የሚሳሳ አገር እንዲህ ያለ ትከሻ የለውም። አርጀንቲና ፔሶዋን እ.ኤ.አ. በ1991 ከዶላር ጋር አንድ ለአንድ አሰረች፤ በ2002 መጀመሪያ ሥርዓቱ ሲፈርስ ቆጣቢው ገንዘቡን ከባንክ እንዳያወጣ ታግዶ ነበር።

ስለሆነም ማኅበራችን የጅቡቲ ሥርዓት ባለበት መቀጠሉን ይደግፋል፤ የትራንዚት ሒሳባችን በእርሱ ላይ ቆሟልና። ብርን በዚያው መንገድ ማሰርን ግን አይቀበልም። ይልቁንም የትራንስፖርትና የትራንዚት ውሎች ክፍያው በየትኛው ቀን ምንዛሬ እንደሚሰላ በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ፣ የሹፌሮች አበልም ከድንበር ማዶ ላለው ወጪ በፍራንክ ተተምኖ እንዲከፈል ይጠይቃል። ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አሠሪዎች፣ የራሳችንን አባላት ጨምሮ፣ ከሚቀጥለው ውል ጀምረው ሊፈጽሙት ይችላሉ።