«ለምን አጠፋ?» የሚል ትምህርት



የሰፈር ልጅ ታሰረ ሲባል መስጂድ በር ላይ ሁለት ወሬ እንሰማለን፦ «ድሮም ዱርዬ ነበር»፣ «በግፍ ነው የያዙት»። የሚያጣራ ግን የለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ እንደሚል የምናውቅ እንኳ ጥቂቶች ነን።

ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ ልጆቻችን፣ የወንጀል ፍትሕና ክሪሚኖሎጂን አትናቁት። ሕግ «ድርጊቱ ወንጀል ነውን? ማስረጃውስ?» ሲል፣ ክሪሚኖሎጂ «ለምን ተፈጸመ? እንዳይደገም ምን እናድርግ?» ይላል። ጣሊያናዊው ሎምብሮሶ እ.ኤ.አ. በ1876 ወንጀለኛ በተፈጥሮ መልኩ ይለያል ብሎ ጽፎ ነበር። እንግሊዛዊው ጎሪንግ ከ3,000 በላይ እስረኞችን ለክቶ በ1913 ውድቅ አደረገው። እኛ ግን ዛሬም ልጅን በመልኩና በሰፈሩ እንፈርጃለን።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚህ ዲግሪ ጥብቅና መቆም አይቻልም፤ ለዚያ የሕግ ዲግሪ ያስፈልጋል። ይህኛው የሚያዘጋጀው ለፖሊስ፣ ለማረሚያ ቤትና ያጠፉ ወጣቶችን ለማቅናት ሥራ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

ነገ አንዲት እናት መስጂድ በር ላይ ስታለቅስ «አይዞሽ እማ፣ ነይ አብረን እንሂድ» የሚል አዋቂ ይውጣልን። አላህ ያግራላችሁ።