«ራስህ ተሰኪ ጻፍለት» መልስ የሚሆነው መቼ ነው?

ጊምፕ ስለተባለው የምስል ማዘጋጃ ሶፍትዌር ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት ንግግሮች መሰማታቸው አይቀርም። አንደኛው «ምነው፣ ይኸ ነገር አንድ ክብ እንኳ በወጉ መሳል አይችልም?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «በነፃ ያገኘኸውን ምን ታማርራለህ? ጎደለ የምትለው ካለ ራስህ ተሰኪ ጻፍለት» ይላል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱም ንግግሮች ጉድለት እንዳለባቸው ለማሳየት ይሞክራል። ነገሩ የኮምፒዩተር ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትምህርት መርጃ ሥዕል ለማዘጋጀት ለፈቃድ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው መምህር ሁሉ የሚያገባው ነው።

ጊምፕን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩት ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ የተባሉ፣ በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። በ1996 ለሕዝብ ቀረበ። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ክፍት በመሆኑ ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊያሠራጨው ይችላል። የሚሸጠው ኩባንያ የለም። የሚሠሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ከራሳቸው ጊዜ ቀንሰው ነው የሚሠሩት። ተጠቃሚው ግን እጅግ ብዙ ነው። በመሆኑም «ይኸ ይጨመር፣ ያ ይለወጥ» የሚለው ጥያቄ ምንጊዜም ከሠሪው እጅ ይበልጣል።

ለመሆኑ ተሰኪ፣ ወይም በተለምዶ ፕለጊን የሚባለው፣ ምንድን ነው? ከዋናው ፕሮግራም ውጭ ለብቻው የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ከዋናው ምስሉን ይረከባል፣ የተባለውን ይሠራል፣ መልሶ ያስረክባል። ተሰኪው ቢበላሽ እንኳ ዋናው ፕሮግራም አብሮት አይወድቅም። ጄፔግና ፒኤንጂ የሚባሉትን የፎቶግራፍ ፋይሎች የሚከፍቱት ራሳቸው ተሰኪዎች ናቸው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚያስፈልገውን መጨመር ይችላል። ለምሳሌ የፖል ሃሪሰን ሪሲንተሳይዘር የተባለው ተሰኪ ከፎቶግራፍ ላይ ያልተፈለገ ነገር አጥፍቶ ቦታውን በአካባቢው መልክ ይሞላል። ፎቶሾፕ ተመሳሳዩን ሥራ ይዞ በ2010 ሲመጣ የጊምፕ ተጠቃሚዎች ከዓመታት በፊት ያውቁት ነበር።

ታዲያ «ተሰኪ ጻፍለት» ማለት ምን ጥፋት አለው? ጥፋቱ ተሰኪ ሊያደርገው የማይችለው ነገር ላይ ሲነገር ነው። ተሰኪ ተረክቦ የሚያስረክብ ሠራተኛ እንጂ የቤቱን መሠረት የሚለውጥ ግንበኛ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መምህሩ በሰሌዳ ለሚለጠፍ ሥዕል «የደም ዝውውር» ብሎ ርእስ ጻፈ እንበል። ፊደሉ ጎልቶ እንዲታይ ጥላ አደረገበት። ኋላ ሲያየው አንድ ፊደል ተሳስቷል። ፊደሉን ያርማል፤ ጥላው ግን የድሮውን ስሕተት ይዞ ቁጭ! ምክንያቱም ጥላው ተሠርቶ የተቀመጠ ሌላ ሥዕል ነው፤ ከጽሑፉ ጋር ዝምድና የለውም። የቱንም ያህል ጎበዝ ሰው ተሰኪ ቢጽፍ ይህን ዝምድና ዋናው ፕሮግራም ራሱ እስካላወቀው ድረስ በአግባቡ ሊፈጥረው አይችልም። ችግሩ የተቃለለው መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. በወጣው በጊምፕ 3.0 ነው። ከዚያ ወዲህ ጥላው ከጽሑፉ ጋር ተያይዞ ይኖራል፤ ጽሑፉ ሲታረም አብሮ ይታረማል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህም ይከብዳል። ጊምፕ ለረጅም ዘመን እያንዳንዱን ቀለም በ8 ቢት፣ ማለትም በ256 ደረጃ ብቻ ነበር የሚይዘው። ለፊልም ሥራ ይህ አይበቃም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፊልም ሠሪዎች ሰዎች በ16 ቢት የሚሠራ ሌላ ጊምፕ አዘጋጁ፤ ከዋናው ጋር ግን አልተዋሐደም፤ በኋላ ሲኔፔይንት ተብሎ ለብቻው ሄደ። ዋናው ፕሮግራም ከ2000 ጀምሮ ጌግል በተባለ አዲስ መሠረት ላይ ለመሥራት አስቦ ነበር። ሥራው ለተጠቃሚው በሙሉ የደረሰው በ2.10፣ ይኸውም በ2018 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት! እዚህ ላይ «ተሰኪ ጻፍለት» ቢባል ምን ዋጋ አለው? ዋናው የማያውቀውን ቀለም ተሰኪው ተረክቦ ሊያስረክብ አይችልም።

በሌላ በኩል ተሰኪ አሳዳጊ ይፈልጋል። በፓይተን 2 የተጻፉትን ተመልከቱ። የቋንቋው ድጋፍ በ2020 መጀመሪያ ላይ አበቃ፤ ጊምፕ 3.0ም ወደ ፓይተን 3 ተሻገረ። ጸሐፊው የተወው ተሰኪ ሌላ ሰው አንሥቶ ካላደሰው በአዲሱ ጊምፕ ላይ አይሠራም።

እንግዲህ ከሠሪዎቹ የሚጠበቀው ሁሉን «እሺ» ማለት አይደለም። የሚጠበቀው ጥያቄውን መለየት ነው። አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ከሆነ ለተሰኪ ይሰጥ። በፋይሉ ውስጥ መኖርና ኋላም መታረም ያለበት ከሆነ የዋናው ሥራ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን «ተራው አልደረሰም» ይባል እንጂ ወደ ተሰኪ አይገፋ። የማይደረግ ከሆነ ደግሞ ከነምክንያቱ «አይሆንም» ይባል። በ2012 የወጣው 2.8 «አስቀምጥ» የሚለውን ትእዛዝ ለራሱ ለጊምፕ ፋይል ብቻ አድርጎ፣ ጄፔግና ሌላውን «ወደ ውጭ ላክ» ወደሚለው ሲያዛውረው ብዙ ሰው አጉረመረመ። ሠሪዎቹ ግን ምክንያት ነበራቸው፤ ጄፔግ ሌየሮችን አይዝም፤ ሥራውን ያስቀመጠ የመሰለው ሰው ሌየሮቹን ያጣል። መልሱ ባይወደድም መልስ ነው።

ከጠያቂውም የሚጠበቅ አለ። «ክብ መሳያ ቁልፍ ይጨመር» ብሎ የጠየቀ ሰው ለብዙ ዓመታት «በሞላላ ምረጥና ጠርዙን ቀባው» የሚል መልስ ነበር የሚያገኘው። እውነት ነው፣ ክቡ ይወጣል። ሰውየው የፈለገው ግን ኋላ መጠኑን ሊለውጠው የሚችለው ክብ ነበር። ቁልፉን ጠየቀ እንጂ ችግሩን አልተናገረም፤ መላሹም ችግሩን አልጠየቀውም። ሁለቱም ተነጋገሩ፤ አልተገናኙም። «ምን ልሠራ ፈለግሁ? የት ላይ ቆመብኝ?» ብሎ የሚጽፍ ጠያቂ ኮድ ባይጽፍም ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

ዕጩ መምህራን፣ ይህ ነገር ክፍል ውስጥም ያጋጥመናል እኮ! ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄና የቸገረው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። «መጽሐፉ ላይ አለ፣ ራስህ አንብብ» የምትለዋ መልስም አንዳንዴ ትክክል ናት፤ አንዳንዴ ግን ተማሪውን ማባረሪያ ናት። ልዩነቱን ማወቅ የመላሹ ግዴታ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሆኖም ሎሚውን ከማከፋፈል በፊት የትኛውን ማን ሊሸከም እንደሚችል መለየት ያስፈልጋል።