የብሩ ሚዛንና የሠሪው ስም

ከጎንደር ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ አዘዞን አልፎ ጠዳ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ አሮጌ የብር ዕቃ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ሥራው አጭር ነው፤ አልቦውን፣ ድሪውን፣ የአንገት መስቀሉን፣ የጆሮ ኩክ ማውጫውን በሚዛን ላይ ያኖራል፤ ክብደቱን አይቶ ዋጋውን ይጠራል። እናቲቱ በጥሎሽ የመጣላትን አልቦ ለልጇ መድኃኒት መግዣ ስትሸጥ ማንም ሊፈርድባት አይገባም። ሊወቀስ የሚገባው ገዢው ነው፤ ከዋጋው በቀር ሌላ ነገር አልጠየቃትምና።

ሰብሳቢዎች ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። እኛ ባንገዛው ወርቅ ቤቱ ያቀልጠው ነበር ይላሉ። ይህ ቃል ሐሰት አይደለም፤ በየባላገሩ ቤት ያለው የብር ጌጥ ራሱ ከቀለጠ ጠገራ ብር የተሠራው ብዙ ነው። ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ሲሆን፣ በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚለውን ቍጥር አይለውጥም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የቀድሞ ሰዎች በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየመረመሩ የተፋቀውን ይመልሱ ነበር። አንጥረኛውም ይህንኑ አቅልጦ ጌጥ ያወጣበታል። አንዳንዱ የአንገት መስቀል ጠገራው ሳይቀልጥ ተጠፍጥፎና ተቈርጦ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ቀረብ አድርጎ ላየው ሰው የቀድሞው ማኅተም ርዝራዥ ይታይበታል። እንዲህ ያለውን መስቀል በግራም የገዛ ሰው የከፈለው ለኦስትሪያ ብር ብቻ ነው፤ የአንጥረኛውን እጅ በነጻ ወስዶታል።

እንግዲህ ሰብሳቢው ዕቃውን ከእሳት አድኗል ይባልለት። ነገር ግን ያዳነው ምኑን ነው? በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ «መስቀል፣ ብር፣ ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ለማን ክርስትና እንደ ተገዛ፣ ከማን አንገት እንደ ወረደ፣ ማን እንደ ቀጠቀጠው የሚናገር የለም። ከእሳቱ ያመለጠው ብረቱ ብቻ ነው።

ስለ ቅርስ መዘረፍ ሲነገር ሰው ሁሉ ወደ መቅደላ ይሮጣል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የፈጸመው ዝርፊያ በእውነት የሚያስለቅስ ነው፤ ዳሩ ግን ከዚያ ከተወሰደው ከፊሉ አስቀድሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከጎንደር አድባራት የተነጠቀ መሆኑን ማንሣት የሚወድ ጥቂት ነው። ከዚያም በኋላ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1932፣ ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካርና የጅቡቲ ጉዞ ጎንደር ተቀምጦ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን አወለቀ፤ በስፍራቸውም ግልባጭ ተክቶ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። ይህ ጉዞ ከአፍሪካ ከ3 ሺህ የሚበልጥ ዕቃ ሰብስቧል። ከተጓዦቹ አንዱ ሚሸል ሌሪስ ዕቃው በምን ዓይነት ማስገደድና ማታለል ይወሰድ እንደ ነበረ ራሱ በመጽሐፉ ገልጦታል። ሆኖም እነዚያ ሰዎች ለሰበሰቡት ዕቃ ካርድ ያወጡ ነበር፤ ከየትኛው ስፍራ እንደ መጣና ለምን እንደሚያገለግል ይጽፉ ነበር። ነጣቂው የጻፈውን ያገር ልጅ ሳይጽፈው መቅረቱ ለነጣቂው ምስጋና ሳይሆን ለባለአገሩ ውርደት ነው።

ይህ ዝምታ ከየት እንደ መጣ ጠዳ ራሷ ታውቃለች። በእርሷ የተቀበሩት የቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም.፣ በጎንደር የተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲቀመጡ ወሰነ። ከሸማኔው፣ ከሸክላ ሠሪዋና ከብረት ቀጥቃጩ ብዙው ከእነዚህ ወገን ነበር። ያገሩ ሰው ጋቢውን፣ ጋኑን፣ ማረሻውን ከእነርሱ እየገዛ፣ ማታ ግን ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብሎ ያወራባቸው ነበር። አንጥረኛውም ብር ስለ ነካ ብቻ ከዚህ ስድብ አልዳነም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ አዋጁ ከአደባባይ ወደ ቤት አልገባም። ቤተ እስራኤል በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ እንኳ፣ ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው በወለቃ የሸክላ ምስሎች በስማቸው ይሸጣሉ። በአጠገባቸው ሲኖሩ ያልተጠራ ስም ከሄዱ በኋላ ለገበያ ሆነ!

ስለዚህ ዛሬ በሆቴሉ ግድግዳ ላይ ሞሰብ የሚሰቅለው፣ በሳሎኑ አልቦና ዋንጫ የሚደረድረው ያገር ሰው ፈረንጁን ለመክሰስ አይቸኵል። የሰፊዋን ስም ያውቃልን? የአንጥረኛው የልጅ ልጅ ሴት ልጁን ለጋብቻ ቢጠይቀው ምን ይመልስ ነበር?

መጻፍ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ጽዋውን፣ ጻሕሉን፣ መስቀሉን ማን እንደ ሰጠ በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ሲጻፍ ኖሯል፤ የሚሰርቀውን የሚረግም ቃልም ይጨመርበታል። በዚያም ቢሆን የሰጪው ንጉሥ ስም እንጂ የሠሪው ስም ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ይህም ሊታረም የሚገባው ነው። መንግሥትም በአዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ አዝዟል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣም ከልክሏል። ነገር ግን ጠባቂው በአውሮፕላን ጣቢያ ቆሞ ሳለ፣ ነገሩ የጠፋው ገና ጠዳ ላይ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ነው።

ከሰብሳቢው የሚፈለገው ግማሽ ወረቀትና ሩብ ሰዓት ነው። ባለቤቲቱ ከማን እንዳገኘችው፣ በምን በዓል እንደ ታሰረ፣ ጠገራውን ማን እንዳወጣ፣ ማን እንደ ሠራውና የት ይኖር እንደ ነበረ ይጻፍ፤ እርሷ የማታውቀው እንደ ሆነ የሰፈሩ ሽማግሌ ይጠየቁ። ከክብደቱ በላይ ለዚህ ታሪክ ገንዘብ ይክፈልባት ሲባል ሰብሳቢው ዋጋ ተወደደ ብሎ ይጮኻል። እርሱ ግን ያንኑ አልቦ ለሌላ ሲሸጥ ጥንታዊ ነው እያለ ከብሩ ዋጋ በላይ ይጨምርበታል፤ ያ ጭማሪ ለእርሷ ሳይከፈላት የቀረው ገንዘብ ነው።