ከደወሉ በፊት የሚደርስ ረዳት

በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶቻችን ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመታ ለአብዛኛው ልጅ የእረፍት ብሥራት ነው፤ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ሕመም ሊሆን ይችላል። ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፣ ከክፍል ወጥቶ ይሮጣል። ክፍል ሙሉ ተማሪ የያዘው መምህር ማንን ትቶ ማንን ይከተል? ልጁ «ባለጌ»፣ ሲብስም ክፉ መንፈስ ያለበት ይባላል፤ ውሎ አድሮም ከቤት ይቀራል።

የሠለጠነ ረዳት መምህር ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ከጩኸቱ በፊት ምን እንደነበረ፣ ከጩኸቱ በኋላም ልጁ ምን እንዳገኘ ነው። መነሻው ደወሉ ከሆነ፣ ከመመታቱ በፊት በሥዕል ያሳውቀዋል ወይም ከቸርኬው ያርቀዋል። እጅ መታጠብ ሲያስተምርም «ታጠብ» ብሎ አያልፍም፤ ጆጉን ማንሳት፣ ውኃ ማፍሰስ፣ ሳሙና ማሸት እያለ ይከፋፍለዋል። እጁን ደግፎ ይጀምርና ቀስ በቀስ ይለቀዋል። አንዷን ሲችል እዚያው ያሞግሰዋል፤ የዘገየ ምስጋና ለምን እንደመጣ ለልጁ አይገባውምና። አፍ ያልፈታ ልጅ የውኃ ሥዕል አንስቶ መስጠት ከለመደ፣ ውኃ ሲጠማው መጮኽ አያስፈልገውም። ዱላ በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም። ልጁን እንደሌላው ለማስመሰል መድከምም ከንቱ ነው።

በአገራችን ይህን መንገድ የጠረጉት ወላጆች ናቸው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፍተው፣ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በየጓዳው የተደበቁ ልጆች እንዲወጡ ታግለዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የወላጆች ጥረት ፍሬ ነው። በምሥራቅ ጎጃም አዋበል ወረዳ ላለችው የሉማሜ እናት ግን አዲስ አበባ ከዓባይ ማዶ ነው፤ ልጇን በየቀኑ ልታደርስ አትችልም። ስለዚህ ሙያው ወደ አዋበል ይምጣ እንላለን።

ትምህርት ቤት በግጭት በሚዘጋበት ዘመን ይህን ማንሳት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። እኛ አይመስለንም። ክፍሎች ሲከፈቱ መጨረሻ የሚታወሱት እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን ከእኩዮቻቸው ጋር የመማር መብታቸውን ያረጋግጣል።

የምሥራቅ ጎጃም ትምህርት መምሪያ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተመካክሮ በመጪው ክረምት የረዳት መምህራን ሥልጠና እንዲጀምር፣ ለደመወዛቸውም በጀት እንዲይዝ እንጠይቃለን። ወላጆችም ምዝገባ ሲጀመር ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙ መዝገብ ላይ ይስፈር።